ዋልካውን የበጠበጥንበት የጁስ ማሽን

ባለፈው ማክሰኞ መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ጁስ ቤት ተቀምጬ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት «ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። አንድ ሰው ማለቱ አምስት ሰው ማለቱ እንደሆነ የመርሳ ሕፃን ያውቃል፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ፓፓያ አዘዝኩ። ልጅቷ ፓፓያውን ቆራርጣ ከማሽኑ ጨመረችና ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ መጀመሪያ እንደታነቀ ሰው አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ለካ እኔ ሳላስበው ሰዓቴን ገልጬ እያየሁ ኖሯል። «አምስት ደቂቃ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«አምስት ደቂቃ ይዙር።»

«ውይ እትዬ! አምስት ደቂቃማ ከዞረ ጁስ መሆኑ ቀርቶ ውሃ ነው የሚሆንልዎ» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት እዚሁ መርሳ ውስጥ፣ ከዚህች ጁስ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በጁስ ማሽን ጭቃ አስበጥብጬ ነበር ብላት ታምነኛለች? ፓፓያዬንም ትቀማኝ ይሆናል።

ወደ ወልድያ የምሄደው ሰብለ ጠርታኝ ነው። ሰብለ የዛሬዋ የአፈር ላብራቶሪያችን ኃላፊ ናት፤ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የተቀጠረች፣ ኃላፊ ከሆነች ገና ስድስት ወር ያልሞላት ልጅ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሲያልፍ ላብራቶሪው በሩና መስኮቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ጠረጴዛው እንኳ አልተረፈም። አሁን እንደገና ሊቋቋም ነው። ስልክ ደውላ «እትዬ ትርንጎ፣ የማማሰያና የመበጥበጫ ዕቃ የሚመርጥ ኮሚቴ አለ፤ አማካሪ ሆነው ይምጡልኝ» አለችኝ። ስንት ዕቃ ነው የሚገዛው ስላት «አንድ ብቻ ነው የተፈቀደልን» አለች። «ኮሚቴው ወደ ማግኔቱ ማማሰያ አዘንብሏል» ስትልም ጨመረች።

«ማግኔት? ለዋልካ?»

«ለዋልካ።»

«ሳልመጣ እንዳትፈርሙ» አልኩና ዘጋሁት። ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም።

ነገሩ ላልገባው ሰው በወጥ ቤት ቋንቋ ልንገረው። ሰው የሚደባለቅ ነገር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። ወተት ይናጣል፣ ሽሮ ይማሰላል፣ በሶ ይበጠበጣል፣ ሊጥ ይቦካል። ገንፎን በሻይ ማንኪያ አማስላለሁ የምትል ሴት ብትገኝ ጎረቤት ይሰበሰብባታል። ላብራቶሪም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጠርሙሶችን ደርድሮ ወዲያና ወዲህ የሚንጥ ማሽን አለ፤ አፈሩ የያዘውን ማዳበሪያ ወደ ውሃው ለማውጣት ነው። የማግኔቱ ማማሰያ ደግሞ ጠፍጣፋ ሳህን ነገር ነው፤ ብርጭቆውን ከላዩ ታስቀምጣለህ፣ ነጭ ክኒን የምትመስል ማግኔት ከውሃው ውስጥ ትጥላለህ፣ ከሥር ያለው ሲዞር እሷም አብራ ትዞራለች። ጨው ለማሟሟት፣ አሲድ ጠብ እያደረጉ ቀለም ሲለወጥ ለመጠበቅ ከእሱ የተሻለ የለም። ይህን አልክድም። ዋልካ ግን ሌላ ነው። ዋልካ የኛ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የበሬ እግር ይውጣል። እሱን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ለመበተን ከላይ የሚወርድ ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ምላስ፣ ከበላዩም ጉልበት ያለው ሞተር ያስፈልጋል። ካልተበተነ ደግሞ ይዋሻል። ያልተፈታው የአፈር እንክብል እንደ አሸዋ ቶሎ ወደ ሥር ይወርድና መለኪያው «ይህ አፈር አሸዋ ነው» ብሎ ቁጭ ይላል። ሸክላ የሆነውን አፈር አሸዋ ማለት ምን ያመጣል የሚል ካለ፣ ይታገሰኝ፣ እነግረዋለሁ።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደነበረም አልናገርም። ወንበር ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ የማስታውሰው ወልድያ ላይ ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም እንደነበር ነው። የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል አዳጎ ሰፈር ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ብርቱካናማ ሽብሽቦ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት። በዚያ ጊዜ ስፖንጅ የሌለው ትከሻ ትከሻ አልነበረም። ከልብስ ሰፊው ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር፤ በሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ተደቅነው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናሉ። አምባሰል የተከፈተ እንደሆነ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ልጓሙን ይዞ ይቆማል፣ ፈረሱም የገባው ይመስል አንገቱን ይደፋል። ባለ ካሴት ቤቱ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እንደ ንጉሥ ይቀመጥ ነበር። ለእኔ ትዝታ የሞላበት አንድ ካሴት በነጻ ቀድቶልኛል፤ ለምን እንደሆነ ባውቅም ያላወቅሁ መሰልኩ። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል መሸጫ አለ፤ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፣ ቆም ብሎ ዘፈን የሚሰማ የባጃጅ ነጂ ግን እስካሁን አላየሁም።

ላብራቶሪያችን በዚያ ጊዜ ወልድያ ሳትሆን ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ሲሪንቃን አለፍ እንዳሉ የቆርቆሮ ጣሪያዋ ይታያል። ሁለት ክፍል፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ጥድ። ጠዋት ከመርሳ በሎንቺና እሄዳለሁ፤ ኮንጎ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ የጨርቅ ጫማ አድርጌ፣ ነጭ ጋውን እለብሳለሁ። በዚያ አካባቢ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ነርስ ናትና ገበሬዎቹ አፈር ይዘው መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን ስለ ሆድ ቁርጠት ይጠይቁኝ ነበር። መበጥበጫችን እኔን የሚበልጥ አሮጌ ማሽን ነው። ምላሱ በተበላ ቁጥር ወልድያ ያለ ሞተር ጠምጣሚ መካኒክ ዘንድ ወስጄ አዲስ አስቆርጥለታለሁ፤ ሰውየው «ይህቺ የአውሬ ጥርስ ናት» ይለኝ ነበር። አፈሩን ከሚበትነው ጨው ጋር ዘፍዝፈን እናሳድራለን፣ በማግስቱ አምስት ደቂቃ ይበጠበጣል። ከአምስት ካነሰ አይፈታም፣ ከበዛ ደግሞ ይፈጨዋል። እኔ ያለ ሰዓት በድምፁ ብቻ አውቀው ነበር። ሳይፈታ ይወፍራል፣ ሲፈታ ይቀጥናል።

ይህ ማሽን አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ጢስ አውጥቶ ሞተ፤ ጠምጣሚውም ውስጡ ቀልጧል ብሎ መለሰልኝ። ኃላፊያችን አቶ መኮንን ይባላል፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አዲስ ዕቃ ሲያይ ልቡ ይሰወራል። ከበላይ ሁለት የማግኔት ማማሰያ አስፈቅዶ መጣ፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀይ መብራት ያለው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለጎብኚ ሁሉ ያሳያል። እኔ ከሐራ በኩል የመጣ ዋልካ ጨምሬበት ሳየው ክኒኗ ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ዘላ፣ ከጭቃው ሥር ቁጭ አለች። ፍጥነቱን ስጨምር ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትዞርም። በመስታወት ዘንግ ብረዳት፣ ላዩ ይዞራል፣ ሥሩ እንደነበረ ነው። አውጥቼ ሳያት ደግሞ ከአፈሩ የለቀመችው የብረት ቅንጣት ፂም አብቅሎባታል። ለክቼ ሳየው «አሸዋማ» ወጣ። እኔ ያን አፈር በጣቴ አሽቼዋለሁ፤ እንደ ቅቤ ያለ ነው። ለአቶ መኮንን ብነግረው «ትርንጎ፣ መንግሥት የሚከፍልሽ ለጣትሽ አይደለም፤ ማሽኑ ያለውን ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። ፈረምኩም። ለምን ብትሉኝ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈርቼ ነው። ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ብርቱካናማ ቀሚሴንም እወደው ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! የኔ በሁለት ሳምንት ነው የነቀዘው።

ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ሽማግሌ አፈር በጨርቅ ቋጥረው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ላብራቶሪው በር ላይ ቆሙ። አያ ካሳው ናቸው፤ ከሐራ ማዶ ያለ የአንድ መንደር ሽማግሌ። መንደራቸው ኩሬ እንዲቆፈርለት ከጠየቀ ቆይቷል። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ጠዋት ወጥተው ከሰዓት ነው የሚመለሱት፤ ከብቱ በበጋ ያልቃል። ኩሬ ከሚቆፈርላቸው መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ነበር፤ የኛ ወረቀት ሲደርስ ተሰረዙ። አሸዋ ውሃ አያቁርምና ማን ገንዘቡን አሸዋ ላይ ያፈሳል? የመጨረሻው ስብሰባ የሚመጣው አርብ ወልድያ ላይ ነው፤ ያ ካለፈ ኩሬው ለሌላ መንደር ይሄዳል።

«ይህን አፈር አሸዋ ያለው ማነው?» አሉ አያ ካሳው።

«ማሽኑ ነው፣ አባት» አለ አቶ መኮንን።

«ማሽኑ የየት አገር ሰው ነው?»

ዘበኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። አያ ካሳው ጨርቁን ፈትተው ከአፈሩ ጭብጥ አደረጉ፣ ከእኔ ውሃ ተቀብለው ጠብ ጠብ አደረጉበት፣ አሹት። ከዚያ በመዳፋቸው መሐል እንደ ፈትል አሾሉት፤ ረዘመ፣ አልተቆረጠም። በጣታቸው ላይ ጠምዝዘው ቀለበት አደረጉትና ያንኑ ቀለበት አውጥተው በአቶ መኮንን ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቱ በላይ አስቀመጡት።

«ጌታው፣ አሸዋ ቀለበት ይሆናል?»

«አባት፣ ሳይንስ በጣት አይሠራም።»

«ተዉ እንጂ! እኔስ ዕድሜ ልኬን ያረስሁት በምን ይመስልዎታል?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ፊርማ የማነው?»

«የኔ ነው አያ።»

አዩኝ፣ አዩኝና «እንግዲያው ውሃችንን የወሰድሽው አንቺ ነሻ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቃቸውን እዚያው ከነአፈሩ ትተው ወጡ። እኔ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ማሽን የለ፣ መበጥበጫ የለ። አርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በዚያው ማታ አፈሩን በጣሳ ዘፍዝፌ፣ ይዤው ወደ ቤቴ ስመለስ እትዬ ዘሪቱ ትዝ አለችኝ። መርሳ ውስጥ የጁስ ማሽን ያላት እሷ ብቻ ነበረች፤ ወንድሟ አሰብ ወደብ ሲሠራ ያመጣላት። ፓፓያና ማንጎ የሚፈጭበት፣ በዳንቴል ጨርቅ የሚሸፈን፣ ከልጇ በላይ የምትሳሳለት ዕቃ። አንድ ብርጭቆ ጁስ አንድ ብር ነበር፤ በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ ሰው ከበሯ እስከ መንገዱ ይሰለፋል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ የዘፈዘፍኩትን በጣሳ ይዤ ሄድኩና ነገርኳት።

«ጭቃ? በኔ ማሽን? ልጄ፣ ፀሐይ መትቶሻል?»

«ጭቃ አይደለም እትዬ፣ ዋልካ ነው። በወንፊት የተነፋ ነው፣ ንጹሕ ነው።»

«የዋልካ ንጹሕ!»

ስለ መንደሩ ነገርኳት፣ ስለ ፊርማዬም ነገርኳት። የፊርማውን ነገር ከራሴ አፍ ስሰማው አፈርኩ፣ ምክንያቱም ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ዘሪቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። «እኔስ በልጅነቴ ውሃ የቀዳሁት ከደጄ ይመስልሻል? ጀርባዬን እንስራ ነው የላጠው» አለችና በሯን ዘጋች። «ሰው ካየኝ ዳግመኛ መርሳ ውስጥ ጁስ የሚጠጣልኝ የለም። ማሽኔ ከተቃጠለ ግን ፓፓያውን አንቺው በጥርስሽ ታደቅልኛለሽ።»

ማሽኑ አጉረመረመ። ወፈረ። እትዬ ዘሪቱ ደረቷን ያዘች። ቀስ በቀስ ድምፁ ቀጠነ፤ ያን የማውቀውን ቅጥነት ስሰማ እንባዬ መጣ። ይህ ማሽን እንደ እኛው ምላስ ሳይሆን ስለታም ምላጭ ነው ያለው፤ አቶ መኮንን ምን እንደሚል ገና ሳልሄድ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ወደ ወንዙ ወርጄ አሸዋ አመጣሁ፤ አጥቤ፣ በዚያው ማሽን፣ ያንኑ አምስት ደቂቃ አዞርኩት። ያን ጊዜ እትዬ ዘሪቱ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «ምላጬን! ምላጬን በላሽው!» እያለች ትዞር ነበር። እውነቷን ነው፣ በልቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት የሷ ፓፓያ እየተጓጎለ ነው የወጣው፤ የጠየቃት ሁሉ «ፓፓያው ነው» ትለዋለች።

ላብራቶሪ ወስጄ ሁለቱንም በረጃጅም የመስታወት ሲሊንደር አድርጌ ለካሁ። ዋልካው ከሁለት ሰዓት በኋላም እንደ ቀለም ጥቁር ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ከግማሽ በላዩ ሸክላ። አሸዋው ደቂቃ ሳይሞላው ከሥር ተኝቷል፣ ውሃው ጠርቷል። አቶ መኮንን መጣና «በጁስ ማሽን!» አለ። እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ምላጩ አሸዋውን ፈጭቶ ሸክላ አደረገው!»

«አሸዋውንም እዚያው አዙሬዋለሁ አቶ መኮንን። ይኸው፣ አሸዋ ነው፤ ተኝቷል።»

ሲሊንደሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ገብቶታል፤ እኔም እንደገባው አይቻለሁ። ግን «ሪፖርቱ ወጥቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ እነዚህን ማሽኖች ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም «እንግዲያው አርብ ወልድያ እሄዳለሁ» አልኩ። «ፈቃድ አልሰጠሁሽም» አለኝ። «ፈቃድ አልጠየቅሁም» አልኩት። ይህን ማን እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አርብ ሁለቱን ሲሊንደሮች አፋቸውን በላስቲክ አስሬ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሎንቺና ተሳፈርኩ። ያችን ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ስፖንጅ ያለው ትከሻ ለእንደዚያ ቀን ያስፈልጋል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ምንድን ነው የያዝሽው እታለም? ጠላ ነው?» አለኝ። «ዋልካ ነው» አልኩት። «ወይ ዘመን! ዋልካም መሸጥ ጀመረ?» ብሎ ለኋለኛው ተሳፋሪ ነገረው፤ ወልድያ እስክንደርስ አውቶቡሱ ሁሉ ስለ ዋልካ ዋጋ ሲከራከር ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ካኪ የለበሱ ወንዶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ አያ ካሳው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ማንም ሳይጋብዘኝ ገባሁ። ሲሊንደሮቹን አነቃንቄ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳቸውና «አንድ ደቂቃ ብቻ እዩልኝ» አልኩ። አዩ። አንደኛው ጠራ፣ ሁለተኛው ጥቁር እንዳለ ቀረ። «የጠራው የወንዝ አሸዋ ነው። ያልጠራው አሸዋ ነው ብዬ የፈረምኩበት አፈር ነው። ውሸት ነው የፈረምኩት። ፊርማዬን መልሱልኝ» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም፤ ተነስቶ ጥቁሩን ሲሊንደር ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው፣ ተመልሶም ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። በስሜ ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። ስወጣ አያ ካሳው ዱላቸውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ጨበጡኝ።

ኩሬው ተቆፈረ፣ በመጀመሪያው ክረምትም ሞላ። ዛሬ ግማሹ በደለል ተሞልቷል፣ ግን ውሃ ይይዛል። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ተልኬ የቆሸሸ ጠርሙስ ሳጥብ ከረምኩ። አልቆጨኝም፤ እንዲያውም እጄ እንደዚያ ጊዜ ነጽቶ አያውቅም። በዓመቱ አቶ መኮንን ካርቶን ተሸክሞ መጣ፤ ዘንግና ምላስ ያለው አዲስ መበጥበጫ ነበር። አጠገቤ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ። ይቅርታ ማለቱ እንደሆነ ገባኝና ተቀበልኩት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ማክሰኞ ዕለት ወልድያ ኮሚቴው ፊት የተቀመጥኩት። የግዥ ባለሙያው ጥሩ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ በታብሌቱ የማግኔቱን ፎቶ እያገላበጠ አሳየኝ። ይሞቃል፣ ይዞራል፣ ቁጥር ያሳያል። «አንድ ዕቃ ሁሉንም ይሠራል እማማ» አለኝ። ሁሉን እሠራለሁ የሚል ሠራተኛ ዋናውን ሥራ ሲያበላሽ ነው የማውቀው አልኩት። ክኒኗ ዋልካ ውስጥ እንደምትቆም፣ ብረት እንደምትለቅም፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያ የሚያብረቀርቅ ቁጥር እንደሚጠፋና የሚጠግነውም እዚህ እንደሌለ፣ የዘንጉን ሞተር ግን ወልድያ ውስጥ የሚጠመጥም ሰው እንዳለ አንድ በአንድ ነገርኩት። ጨው ለማሟሟት በመስታወት ዘንግ በእጅ ይማሰላል፣ ክንድ ይደክማል እንጂ ውጤት አይዋሽም። ዋልካ ግን በእጅ አይፈታም። ሌሎቹ ሁለት የኮሚቴ አባላት ስልካቸውን ያያሉ። ሰብለ አንገቷን ደፍታ እስክሪብቶዋን ታዞራለች። እኔ በሷ ዝምታ ከልጁ ንግግር ይልቅ ተናደድኩ።

«እሺ እማማ» አለ የግዥ ባለሙያው በመጨረሻ። «ዝርዝሩን ለውጠን ይህን እርስዎ የሚሉትን ብንገዛና ነገ ለምን ርካሹን ገዛችሁ፣ ለምን አሮጌ ዓይነት ገዛችሁ ብንባል፣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እኔ። አምጣው፣ እፈርማለሁ።»

ልጁ በትሕትና ፈገግ አለ። «እርስዎ ጡረተኛ ነዎት እኮ እማማ። ፊርማዎ እዚህ አይሠራም።»

እውነቱን ነው። በሕጉ እውነቱን ነው። ግን ምን እንደተሰማኝ ልደብቅ አልችልም፤ ያን ሁሉ ዘመን አንዲት ፊርማዬን ሳስመልስ፣ ስጠብቅ ኖሬ፣ ለካ ቀኑ ሲደርስ ወረቀት ላይ የማታርፍ ሆናለች። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ተነሳሁ።

«የኔ ይሠራል» አለች ሰብለ።

ቀና ብላ ነው ያለችው። ወረቀቱን ከልጁ ፊት ሳበች። ማግኔት የሚለውን መስመር ሰረዘች፣ ከጎኑ «ባለ ዘንግ የአፈር መበጥበጫ» ብላ ጻፈች። ፈረመች። እኔ በሷ ዕድሜ መጀመሪያ ውሸቱን ፈርሜ ነው ኋላ የጮኽኩት፤ እሷ እውነቱን በመጀመሪያው ፈረመች።

የግዥ ባለሙያው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ጥሩ፤ የራስሽ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሐሳቡን ያመጣው ማን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ ይመዘገባል።»

«ይመዝገብ እንጂ!» አልኩት ከቆምኩበት። «የኔን ስም ጻፍ፤ የሷንም ጻፍ፣ ከነአባቷ።»